ምዕራፍ አራት፦ የሰንደቁ ንባብ፣ የመንግሥቱ ትርጓሜ

አንድ መንግሥት ለሕዝቡ የሚናገርባቸው አንደበቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በጨርቅ ቀለም፣ በመዝሙር ዜማና በማኅተም ቅርጽ የሚገለጠው ትእምርት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥልጣንን ከሥልጣን ለይቶ፣ ሕግ የሚያወጣው ማን፣ የሚያስፈጽመው ማን፣ የሚፈርድበትም ማን እንደ ሆነ በአንቀጽ ወስኖ የሚደነግገው ሥርዓተ መንግሥት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ ንባቡን አጽንቶ፣ ዕድሜውና ትዕግሥቱ ሲደርስ ከመጻሕፍት መምህሩ ፊት ተቀምጦ ትርጓሜውን እንደሚሰማ፣ ዜጋም በልጅነቱ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ የሰንደቅ ዓላማውን ንባብ ይማራል፤ ትርጓሜውን ግን የሚያገኘው ካደገ በኋላ፣ ግብር ሲከፍል፣ ድምፅ ሲሰጥ፣ በችሎት ፊት ሲቆም፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት መታወቂያ ሲያወጣ ነው። በዚህ ምዕራፍ ልናስረዳ የምንወደው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ትእምርት መንግሥት ለሕዝብ የገባው ቃል ኪዳን መሆኑን፣ ሥርዓተ መንግሥትም ያ ቃል ኪዳን የሚፈጸምበት መንገድ መሆኑን፣ ስለዚህም ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ዜጋ አገሩን በግማሽ እንጂ በሙሉ እንደማያውቃት ነው።

በአቃቂ የሚገናኙት ሦስቱ ሥልጣናት

ለዚህ ትምህርት አቃቂን መነሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። አቃቂ በወንዝ ዳር የተቆረቆረ፣ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ያለፈበት፣ በኋላም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉበት፣ ወዝ አደር ሕዝብ ከየአገሩ ተሰብስቦ ጎጆ የቀለሰበት ቦታ ነው፤ የአቃቂ ወንዝም ዝቅ ብሎ የአባ ሳሙኤልን ግድብ ይሞላል፤ ይህም ግድብ ለአገራችን የውኃ ኃይል ማመንጫዎች በኵር ነው። ዛሬ አቃቂ ከጎረቤቱ ከቃሊቲ ጋር ተጣምሮ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ተብሎ፣ ከአዲስ አበባ ክፍላተ ከተማ አንዱ ሆኖ ይተዳደራል፤ እነዚህም በ1995 ዓ.ም. ሲቋቋሙ 10 ነበሩ፤ ለሚ ኩራ ከተጨመረ ወዲህ 11 ሆነዋል።

ከቃሊቲ ተነሥቶ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ልብ ብሎ ከተመለከተ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ የሦስት ሥልጣናትን ሥራ ያያል። ከወደብ የመጣው ዕቃ የሚፈተሽበትና ቀረጥ የሚከፈልበት የቃሊቲ ጉምሩክ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ እስከ አዳማ የተዘረጋው የክፍያ መንገድ፣ በቂሊንጦ በኩል የተተከለው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የፌዴራሉ መንግሥት ናቸው። ልጁን የሚያስመዘግብበት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሚያወጣበት ወረዳ፣ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተስቦ ለዋና ከተማው የሚታደለው የመጠጥ ውኃ ግን በከተማው አስተዳደር እጅ ናቸው። ጥቂት አልፎ ገላን ሲደርስ ደግሞ የሸገርን ከተማ፣ ማለትም የኦሮሚያን ክልል ምድር ረግጧል፤ በዚያም ከአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ሰንደቅ ዓላማ አጠገብ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ መደብ ያለው፣ በመካከሉም የኦዳ ዛፍ የተሣለበት የክልሉ ሰንደቅ ተሰቅሎ ይታያል። ይህም የአንድ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይሆን፣ የፌዴሬሽኑ አባላት የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ ሊኖራቸው እንደሚችል፣ ዝርዝሩንም በየምክር ቤታቸው እንዲወስኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 የተፈቀደ ነገር ነው። እንግዲህ ዓምድ ላይ የተሰቀለውን ሰንደቅ ቈጥሮ፣ ያለበት ምድር በማን ሥልጣን ሥር እንደ ሆነ መረዳት የሚቻልበት ስፍራ ቢኖር፣ ከእነዚህ አንዱ የአቃቂ ደቡባዊ ዳርቻ ነው።

የሦስቱ ቀለማት ጉዞ

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከየትኛውም የዛሬ ሕግ የቀደሙ ናቸው። በቀድሞ ዘመን እያንዳንዳቸው ለብቻ እየተሰቀሉ ወይም ሦስቱ በአንድ ዘንግ ላይ ተከታትለው እየታሰሩ ይውለበለቡ የነበሩት ጨርቆች፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ከሆነ በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ አንድ ላይ ተሰፍተው ባለ አራት ማዕዘን ሰንደቅ ሆኑ፤ በዚያን ጊዜ ቀዩ ከላይ የተቀመጠበት ሰንደቅም እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ቀለማቱ እግዚአብሔር ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ በሰጠው የቀስተ ደመና ኪዳን ይተረጐማሉ፤ ስለዚህም በንግሥ በዓል ቀን የደብሩ ዐጸድ በእነዚሁ ቀለማት ሲሸለም ሕዝቡ የሚያየው የመንግሥትን ምልክት ብቻ አይደለም። የመንግሥት ሕግ ደግሞ በራሱ መንገድ ሲተረጕም፣ አረንጓዴውን ለሥራ፣ ለልምላሜና ለዕድገት፣ ቢጫውን ለተስፋ፣ ለፍትሕና ለእኩልነት፣ ቀዩን ለነጻነትና ለእኩልነት መስፈን ለተከፈለው መሥዋዕትነትና ለጀግንነት ሰጥቶታል።

ቀለማቱ ሲጸኑ፣ በመካከላቸው የሚቀመጠው ምልክት ግን ከሥርዓተ መንግሥቱ ጋር አብሮ ተለዋውጧል። በዘመነ ዘውድ በሰንደቁ መካከል ዘውድ ደፍቶ፣ መስቀል በጫፉ ያለበትን በትር ይዞ የሚራመደው አንበሳ፣ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ፣ የሥልጣን ምንጩ በደም ሐረግና በቅብዐ መንግሥት ይገኛል የሚለውን ትምህርት በሥዕል ይሰብክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከመንበራቸው ከወረዱ በኋላ፣ ዘውዱ ከአንበሳው ራስ ላይ ተነሣ፤ በበትሩ ጫፍ የነበረው መስቀልም በጦር ጫፍ ተተካ፤ ጥቂት ቈይቶም አንበሳው ራሱ ከሰንደቁ ወጣ። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ ስትመሠረት ሌላ ዓርማ ተሠራ፤ በ1983 ዓ.ም. ያ መንግሥት ሲወድቅ ዓርማው አብሮ ቀረ፤ ከዚያም በ1988 ዓ.ም. በአዋጅ የተደነገገው፣ በክብ ሰማያዊ መደብ ላይ በእኩል ቀጥታ መስመሮች የተሠራው፣ ቢጫ ጨረር የሚፈነጥቀው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ በሰንደቁ መካከል ተቀመጠ። አንድ ሰው የእነዚህን ምልክቶች ተከታታይ ሥዕል ብቻ ተመልክቶ፣ የሥልጣን ምንጭ ከንጉሥ ወደ ፓርቲ፣ ከፓርቲም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 8 እንደ ተጻፈው ወደ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንደ ተዛወረ ሊናገር ይችላል። ይህ ታሪክ ትእምርት ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ በቂ ምስክር ነው።

ስለ ኮከቡ በአገራችን ሰው መካከል ያለውን ክርክር ሳናነሣ ብናልፍ ለአንባቢው እውነትን ማጕደል ይሆንብናል። በዐድዋ በዓልና በአብያተ ክርስቲያናት ክብረ በዓላት ላይ ብዙ ሰው ዓርማ የሌለበትን ሰንደቅ በፍቅር ይይዛል፤ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቍጥር 654/2001 ደግሞ ዓርማውን ያልያዘውን መጠቀም ይከለክላል። በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገን ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ የሕግ ነጥብ አለ። ሕገ መንግሥቱ የሦስቱን ቀለማት ተራ፣ አግድም እኩል መሆናቸውንና በመካከላቸው ዓርማ መኖሩን ወስኗል፤ ዓርማውም የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ የሚያሳይ እንዲሆን አዟል፤ የዓርማው ቅርጽ ግን ኮከብ ይሁን ሌላ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አልተጻፈም፤ ቅርጹን የወሰነው ተራ አዋጅ ነው። እንግዲህ ቀለማቱን ለመለወጥ ወይም ዓርማውን ጨርሶ ለማንሣት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ጉባኤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ መስማማት ሲኖርባቸው፣ የዓርማውን ቅርጽ ለመለወጥ ግን በሕግ አውጪው ምክር ቤት የሚወጣ አዋጅ ይበቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቅሬታውንም ሆነ ድጋፉን ወዴት ማቅረብ እንደሚገባው ያውቃል፤ ክርክሩም ከመንገድ ላይ ግጭት ወደ ምክር ቤት አዳራሽ ሊገባ ይችላል።

ቀለም አንድ፣ ታሪክ ልዩ፦ የቦሊቪያ ምሳሌ

ከእኛ በውቅያኖስ ማዶ፣ በደቡብ አሜሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ፣ እነዚሁኑ ሦስት ቀለማት የምትሰቅል አገር አለች፤ እርሷም ቦሊቪያ ናት። በአፍሪካ ጋና በ1957 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ፣ ከዚያም እነ ጊኒ፣ ማሊና ሴኔጋል ቀይን፣ ቢጫንና አረንጓዴን ሲመርጡ፣ ለባዕድ ገዥ ያልተንበረከከች የኢትዮጵያ ምሳሌነት በዓይናቸው ፊት ነበረ፤ ቦሊቪያ ግን ቀዩን ከላይ፣ ቢጫውን ከመካከል፣ አረንጓዴውን ከታች አድርጋ የደነገገችው በ1851 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፣ ከእኛም የወሰደችው አይደለም፤ እኛም ከእርሷ አልወሰድነውም። ይሁንና ቀይ ለአገር ለፈሰሰው ደም፣ ቢጫ ከምድሯ ለሚወጣው የማዕድን ሀብት፣ አረንጓዴ ለልምላሜዋ ይሁን ብላ ስትተረጕም፣ ከእኛ ትርጓሜ ጋር የሚገናኘው ብዙ ነው። አገር የሚያቆሙ ነገሮች፣ ማለትም መሥዋዕትነት፣ ሀብትና ልምላሜ፣ በየትኛውም ክፍለ ዓለም አንድ ናቸውና።

የቦሊቪያ ዓርማ ለሰንደቋ ሌላ ምዕራፍ ይጨምርለታል። በውስጡ ብር የወጣበት የፖቶሲ ተራራ፣ የምትወጣ ፀሐይ፣ አልፓካ የተባለው የተራራ እንስሳ፣ ከላይም ክንፉን የዘረጋ ኮንዶር ይታያሉ፤ ከዋክብቱ 10 ሲሆኑ፣ 9ኙ ለአገሪቱ 9 ግዛቶች፣ 10ኛው ግን በ1879 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ጦርነት ለቺሌ ለለቀቀችው የባሕር ጠረፍ መታሰቢያ ነው። የባሕር በር የሌላት ይህች አገር እስከ ዛሬ ባሕር ኃይሏን ጠብቃ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ታሠለጥናለች። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ ልጅ ይህን ሲያነብ፣ ትእምርት የተገኘውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም ይዞ እንደሚኖር ይረዳል።

የበለጠ የሚያስተምረን ግን የሁለቱ አገሮች ሥርዓተ መንግሥት መመሳሰልና መለያየት ነው። ቦሊቪያ በ1825 እ.ኤ.አ. ነጻ ወጥታ፣ ስሟንም ከነጻ አውጪው ከሲሞን ቦሊቫር ወስዳ ለረጅም ዘመን ኖረች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ግን ሕዝቧ በድምፁ ባጸደቀው ሕገ መንግሥት ራሷን የብዙ ብሔሮች መንግሥት ብላ ሰየመች፤ ከስፓንኛ ጋር 36 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን የመንግሥት ቋንቋ አደረገች፤ ዊፋላ የተባለውን፣ በ49 ትናንሽ አራት ማዕዘኖች በሰባት ቀለማት የተሠራውን የነባር ሕዝቦች ሰንደቅም ከሦስቱ ቀለማት ጎን በብሔራዊ ትእምርትነት አጸናች። እኛም ልዩ ልዩ ቋንቋና እምነት ያላቸው ሕዝቦች በአንድ ሰንደቅ ሥር እንዴት ይኑሩ የሚለውን ጥያቄ ከእርሷ ቀደም ብለን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በሌላ መልክ መልሰናል፤ ቦሊቪያ ብዙነቷን በአንድ ማዕከላዊ መንግሥት ውስጥ በራስ ገዝ አስተዳደር ስታስተናግድ፣ እኛ በፌዴሬሽን አስተናግደነዋል። ደግሞ በቦሊቪያ ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ ተመርጦ ርእሰ ብሔርም ርእሰ መስተዳድርም ሲሆን፣ ከፍተኛ ዳኞች እንኳ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ፤ በእኛ ግን የአገር ትእምርት የሆነው ሰውና ሥራ የሚያስኬደው ሰው ሁለት ናቸው። ይህም ወደ ራሳችን ሥርዓት ዝርዝር ያደርሰናል።

ሁለቱ ምክር ቤቶች

በኢትዮጵያ ምክር ቤት የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ አባሎቻቸው ግን በንጉሠ ነገሥቱና በመኳንንቱ የሚመረጡ እንጂ ሕዝብ ድምፅ የሰጣቸው አልነበሩም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት የሕዝብን ምርጫ ፈቀደ፤ ምርጫውም በዚሁ መሠረት ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ። በ1980 ዓ.ም. የቆመው ብሔራዊ ሸንጎ አንድ ምክር ቤት ብቻ ሆኖ፣ 835 አባላትን በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር ሰበሰበ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸናው የአሁኑ ሕገ መንግሥት፣ በ11 ምዕራፎችና በ106 አንቀጾች፣ እንደ ገና ሁለት ምክር ቤቶችን አቆመ፤ ነገር ግን ሁለቱ የአንድ ሥራ ተጋሪዎች አይደሉም፤ አንዱ ሕግ ሲያወጣ ሌላው ሕገ መንግሥቱን ይተረጕማል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየ5 ዓመቱ ሕዝቡ በየምርጫ ክልሉ በሚሰጠው ድምፅ የሚቆም፣ ከ550 የማይበልጡ መቀመጫዎች ያሉት፣ ከእነዚህም ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች የተጠበቁለት፣ በአገሪቱ የሕግ አውጪነት ሥልጣን ያለው ጉባኤ ነው። ዓመታዊ ሥራውን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ያካሂዳል። ያወጣውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ እንዲፈርሙበት ይላክላቸዋል፤ ባይፈርሙ ግን ሕጉ ያለ ፊርማቸው ይጸናል፤ ስለዚህ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ የሕግ ማዕረግ እንጂ የሕግ ቍልፍ አይደለም። የወጣው ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የነጋሪትን ስም ይዟል፤ አዋጅ ሲነገር የሚጐሰመው ከበሮ በወረቀት ዘመንም ስሙ መቀጠሉ፣ ሕግ ሳይነገር ሰውን ሊያስጠይቅ እንደማይገባ የሚያስታውስ መልካም ቅርስ ነው።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላቱን ከሕዝብ ቍጥር ብቻ ሳይሆን ከብሔረሰቦች ማንነት ይቀበላል፤ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል ሲኖረው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 1 ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ወኪል ይጨመራል። ይህ ምክር ቤት ከብዙ አገሮች ሁለተኛ ምክር ቤት የሚለይበት ዋና ነገር ሕግ አለማውጣቱ ነው፤ ሥራው የክልሎችን አለመግባባት መፍታት፣ የመንግሥት ገቢ ለክልሎች የሚከፋፈልበትን ቀመር መወሰንና፣ ከሁሉ በላይ፣ ሕገ መንግሥቱን መተርጐም ነው። በትርጕም ሥራውም 11 አባላት ያሉት፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሚመራ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይረዳዋል። በብዙ አገር ይህን ሥራ ዳኞች ሲሠሩት፣ በእኛ ለብሔረሰቦች ወኪሎች የተሰጠው፣ ሕገ መንግሥቱ የብሔረሰቦች ስምምነት ሰነድ ስለሆነ፣ ለተዋዋዮቹ ትርጓሜውን ከራሳቸው ወኪሎች በቀር የሚሰጥ አይኑር ከሚል አሳብ ነው። ለዚህ ምክር ቤት አዲስ አበባ እንደ ከተማ መቀመጫ የላትም፤ መቀመጫው የብሔረሰቦች እንጂ የከተሞች አይደለምና።

ርእሰ ብሔርና ርእሰ መስተዳድር

ፕሬዚዳንቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ጉባኤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመረጣሉ፤ ዘመናቸው 6 ዓመት ሲሆን ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጡም። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1987 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሆነው ከተመረጡ ወዲህ፣ አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ፣ በ2011 ዓ.ም. በመንበሩ ላይ ከተቀመጡት ፕሬዚዳንቶች የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ወይዘሮ ሳህለ ወርቅ ዘውዴ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ ይህን ሥልጣን ይዘዋል። ፕሬዚዳንቱ የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ ጉባኤ ይከፍታሉ፤ የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ ኒሻንና ሽልማት ይሰጣሉ፤ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋሉ። ሥራ የማስኬዱ፣ ሠራዊቱን የማዘዙና የሚኒስትሮችን ምክር ቤት የመምራቱ ሥልጣን ግን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ አብላጫ መቀመጫ ካገኘው ፓርቲ ወይም ፓርቲዎች አባላት መካከል የሚመረጠው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ እርሱም ለምክር ቤቱ ተጠያቂ ነው። ይህ ክፍፍል ለአንባቢ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ምሥጢሩ ጥልቅ ነው፤ አገሩን በክብር የሚወክለውን ሰው ከዕለታዊ ፖለቲካ ክርክር ማራቅ፣ ዕለታዊ ሥራውን የያዘውን ደግሞ ከክብር መጋረጃ አውጥቶ በጥያቄ ፊት ማቆም ነው።

የዳኝነቱ ሥልጣን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ተዋቅሯል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የፍርድ ቤት ሥርዓት አላቸው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በቻርተሯ የተወሰኑ ጉዳዮችን የሚያዩ የከተማ ፍርድ ቤቶች አሏት። ከአዋጅ ቍጥር 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች ተሰይሞ የሰጠው የሕግ ትርጕም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ስለሚያስር፣ በሩቅ ክልል ለአንድ ድኻ የተሰጠ የሕግ ትርጕም በአቃቂ ለሚኖር ሌላ ድኻም መከታ ይሆናል።

የመዝሙሩ ቃል

ከቀለምና ከዓርማ ቀጥሎ የመዝሙር ተራ ይመጣል፤ በዚህም ረገድ ታሪካችን ሦስት ዘመናትን ያሳያል። በዘመነ ዘውድ የተዘመረው «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ግጥሙም የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው፤ ናልባንዲያን አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ተቀብለው ካመጧቸው 40 የአርመን ወጣቶች ጋር የመጡ የሙዚቃ መምህር ናቸው፤ በመከራ ከአገሩ የተሰደደ ሕዝብ ልጅ ለተቀበለችው አገር የክብር ዜማዋን መስጠቱ፣ የአገራችን ታሪክ ከሚመካባቸው ነገሮች አንዱ ነው። በ1967 ዓ.ም. አቶ አሰፋ ገብረ ማርያም ተሰማ ግጥሙን፣ አቶ ዳንኤል ዮሐንስ ሐጎስ ዜማውን የደረሱት ሌላ መዝሙር ተተካ፤ የአሁኑን መዝሙር ደግሞ በግጥም አቶ ደረጀ መላኩ መንገሻ፣ በዜማ አቶ ሰሎሞን ሉሉ ምትኩ ደርሰውታል። ከመንበረ መንግሥት ወደ አብዮት፣ ከአብዮትም ወደ ዜግነት የሚጓዘው የአሳብ ጉዞ በእነዚህ ሦስት መዝሙሮች ይሰማል፤ የአሁኑ መዝሙር የዜግነትን ክብር አስቀድሞ መጥራቱም፣ ከላይ ከተናገርነው የሥልጣን ምንጭ መዛወር ጋር የሚስማማ ነው።

ከአራት ኪሎ እስከ ወረዳ

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለአቃቂ ነዋሪ ምን ይሆንለታል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 አዲስ አበባ የፌዴራሉ መንግሥት ርእሰ ከተማ ሆና፣ ሕዝቧ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳለው፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት እንደ ሆነ፣ በክልሉ ምድር መካከል በመገኘቷም የኦሮሚያ ክልል ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ተደንግጓል። ዝርዝሩ በቻርተሩ፣ በአዋጅ ቍጥር 361/1995 ተጽፏል። ስለዚህ የአቃቂ መራጭ ሁለት ድምፅ አለው፤ በአንደኛው ለአዲስ አበባ ከተሰጡት 23 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ለአንዱ ወኪሉን ይልካል፤ በሁለተኛው 138 አባላት ላሉት የከተማው ምክር ቤት ይመርጣል፤ ይህም ምክር ቤት ከንቲባውን ይሰይማል። ከንቲባው ለምክር ቤቱ፣ ክፍለ ከተማው ለከተማው፣ ወረዳውም ለክፍለ ከተማው ይጠየቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 የክልል መስተዳድሮች ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጡ ያዘዘበት መንፈስ፣ በከተማችን የሚታየውም በዚህ በወረዳ ደጃፍ ነው።

ይህን የሥልጣን መሰላል የማያውቅ ዜጋ በከንቱ ይንከራተታል። ቀረጥ የበዛበት ነጋዴ ወደ ወረዳ ቢሮጥ፣ የቤት ካርታ የዘገየበት ሰው ጉምሩክ ደጅ ቢጠና፣ ገላን የሚኖር ዜጋ ጉዳዩን ወደ አቃቂ ክፍለ ከተማ ይዞ ቢመጣ፣ ጊዜውም ገንዘቡም ያልቃል፤ ከዚህም የሚከፋው፣ መንግሥት ሁሉ አንድ ነው፣ ሁሉም ዝም ይላል ብሎ ተስፋ መቍረጡ ነው። መሰላሉን የሚያውቅ ግን ጥያቄውን ለሚገባው ያቀርባል፤ መልስ ቢያጣም ከበላዩ ወዳለው ደረጃ፣ ከዚያም ወደ ችሎት እንዴት እንደሚያልፍ ያውቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኀላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ተጠያቂ እንዲሆን ሲያዝ፣ ይህ ቃል የሚጸናው በሚጠይቅ ዜጋ ነው።

በየዓመቱ በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲከበር፣ በፋብሪካው ግቢ፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳና በክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሰንደቁ ይሰቀላል፤ መዝሙሩም ይዘመራል፤ ይህ የሚገባ ክብር ነው። ነገር ግን ያ በሰንደቁ መካከል ያለው የኮከብ ዓርማ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ዜጋው በሚይዘው ፓስፖርት ላይ፣ በመንግሥት ደብዳቤ ራስጌ ላይ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በየቀኑ ያገኘዋል። እኩል መስመሮቹ ስለ እኩልነት ይናገራሉ ከተባለ፣ በዚያ ዓርማ ሥር የተቀመጠ ሠራተኛ ቋንቋውን፣ ሃይማኖቱንና ኪሱን ሳይመለከት የመጣውን ሰው በተራው ሊያስተናግደው ግዴታ አለበት፤ ጉቦ ተቀብሎ ወረቀት ላይ ማኅተም የሚያሳርፍ ሹም፣ ሰንደቅ ዓላማን በአደባባይ ካዋረደ ሰው የሚያንስ በደል አልሠራም። ሰንደቁን የመጠበቁ ሥራ በዘብ ብቻ የሚፈጸም ስላይደለ፣ ሕግ አውጪው የሕዝብን ጥያቄ ሲሰማ፣ ዳኛው ያለ አድልዎ ሲፈርድ፣ የወረዳው ሠራተኛም ሥልጣኑ እስከየት እንደ ሆነ አውቆ ሲሠራ፣ ዜጋውም ሥርዓቱን ተምሮ መብቱን ሲጠይቅና ግዴታውን ሲወጣ፣ አያቶቻችን ለቀለማቱ የከፈሉት ዋጋ በእኛ ዘመን የሚገባውን ፍጻሜ ያገኛል።